ጉድጓዱ የማን ነው? የከተማ ነዋሪ አቤቱታና የቢሮዎች መልስ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 አንድ ምሽት የኒው ዮርኳ ማንሃተን በሙሉ ጣፋጭ ሽታ ሸተታት። አሜሪካኖች ፓንኬክ ላይ የሚያፈሱትን የሜፕል ሽሮፕ የሚመስል ነበር፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት አራት ዓመት ብቻ አልፎ ስለነበር ጣፋጭነቱ ራሱ ሰዉን አስፈራው። መርዝ ይሆን ብለው የጠረጠሩ ነዋሪዎች የከተማዋ የአቤቱታ ስልክ ወደሆነው 311 ደወሉ። ሽታው በማግሥቱ ጠፋ፤ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ዓመታት እንዲሁ እየመጣና እየሄደ ቆየ። በ2009 መጀመሪያ ላይ የከተማዋ ባለሙያዎች የደዋዮቹን አድራሻና ሰዓት ካርታ ላይ አስፍረው ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ሲያመሳክሩት መንገዱ ከሀድሰን ወንዝ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኖርዝ በርገን ወደሚገኝ የማጣፈጫ ፋብሪካ ወሰዳቸው። ፋብሪካው የሚያቀነባብረው አብሽ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ማንም ስልክ አያነሣም፤ የማን ቤት ቅመም ተሰናዳ ይባል ነበር።

ይህን ታሪክ የከተማ ቅሬታ መቀበያ ሥርዓት የሚሸጡ ኩባንያዎች በጣም ይወዱታል። እውነትም አለው፤ እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ሲታይ ምንም አይናገርም፣ ሲደማመር ግን አንድ ባለሙያ ብቻውን የማያገኘውን ነገር አሳየ። ችግሩ የከተማ ነዋሪ አቤቱታ አብዛኛው እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ አለመሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ክፍት የሆነውን ማንሆል ለማግኘት የነፋስ አቅጣጫ አያስፈልግም። ልጆቹ ያውቁታል፤ የታክሲ ረዳቱ ያውቀዋል፤ የወረዳው ሠራተኛም ጠዋት ወደ ቢሮው ሲገባ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ የማነሣው ጥያቄ መንግሥት ችግሩን እንዴት ይወቅ የሚለውን አይደለም። ሁሉም የሚያውቀው ችግር እንዴት ዓመት ሙሉ ባለበት ሊቆይ ቻለ? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በልዩ ልዩ ከተሞች የተሞከረውንም የምመዝነው በዚሁ ነው። (የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የአሜሪካው መነሻ የስልክ መጨናነቅ ነበር። በ1990ዎቹ የአደጋ ጥሪው 911 አደጋ ባልሆነ ነገር ተጥለቀለቀ፤ ጎረቤቱ ሙዚቃ ያስጮኸበትም ቤቱ እየተቃጠለ ያለውም በአንድ መስመር ይሰለፉ ነበር። ባልቲሞር በ1996 ለማያስቸኩል የፖሊስ ጉዳይ 311ን ከፈተች። ቺካጎ በ1999 ቁጥሩን የከተማ አገልግሎት ሁሉ መግቢያ አደረገችው። ኒው ዮርክ በመጋቢት 2003 ጀምራ በ2010 ከ100 ሚሊዮን በላይ ጥሪ አስተናግዳ ነበር። ሌላውም ዓለም በየመንገዱ ሄደ። ሪዮ ዴ ጄኔሮ 1746ን፣ ሶል ደግሞ 120ን ይዘዋል። እስራኤል ውስጥ ማዘጋጃ ቤትን የሚፈልግ 106 ይደውላል፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። በእንግሊዝ በ2007 ማይሶሳይቲ የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት ፊክስ ማይ ስትሪትን ሠራ፤ ነዋሪው ካርታ ላይ ቦታውን ይነካል፣ ችግሩን ይጽፋል፣ ሥርዓቱ ራሱ የትኛው ምክር ቤት እንደሚመለከተው ለይቶ ይልክለታል፣ አቤቱታውም ለማንም እንደሚታይ ሆኖ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚስበኝ የስልኩ ጉዳይ አይደለም። የባልቲሞር ከንቲባ ማርቲን ኦማሊ በ2000 ሲቲስታት የሚባል ስብሰባ ጀመሩ። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በየሁለት ሳምንቱ ከከንቲባው ቡድን ፊት ይቆማል፤ የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ለምን ዘገየ ተብሎ ይጠየቃል። የተነገረበት የአስፋልት ጉድጓድ በ48 ሰዓት እንደሚደፈንም ከተማዋ ቃል ገባች። ቃሉ በየጊዜው ይከበር ነበር ብዬ አልከራከርም። ግን ጥሪው የሚያርፍበት ወንበር ነበረው፤ በዚያ ወንበር ላይ ደግሞ ስሙ የታወቀ ሰው ይቀመጥ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። አዲስ አበቤ በቃሉ የያዛቸው ቁጥሮች በየተቋሙ የተከፋፈሉ ናቸው። መብራት ሲጠፋ 905፣ ውሃ ሲቋረጥ 906፣ እሳት ሲነሣ 939፣ ፖሊስ ሲፈለግ 991። ችግሩ ባለቤት ያለው ሲሆን ይህ ይሠራል፤ መብራት የጠፋበት ሰው ለማን እንደሚደውል አይጠፋውም። ባለቤቱ የማይታወቀው ነገር ላይ ግን መሥራቱን ያቆማል።

የማንሆል ክዳን ተሰርቆ አንድ ማለዳ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ተገኘ እንበል። ታች የሚሄደው የዝናብ ውሃ ከሆነ ለከተማዋ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ፍሳሽ ከሆነ ለውሃና ፍሳሽ ነው። የስልክ ገመድ ከሆነ የቴሌ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሆነ የመብራት ኃይል ነው። ከላይ የሚታየው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጨለማ ነው። ነዋሪው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ሽቦ ይሁን ቱቦ አጣርቶ ካልመጣ የሚሄድበትን በር አያውቅም። ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ወረዳው «ለክፍለ ከተማ ጽፈናል» ይላል። ክፍለ ከተማው ከ11ዱ አንዱ ነውና የራሱ ወረፋ አለው፤ «የሚመለከተው ተቋም ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ተቋሙ ባለሙያ ይልክና «የእኛ መስመር አይደለም» ብሎ ይመለሳል። ይህን ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ በራሱ በኩል ትክክል ሆኖ ሁሉም በአንድ ላይ ተሳስተዋል። በመካከሉ የሰፈሩ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይተክላል፣ ወይም አሮጌ ጎማ ያስቀምጥበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣኑ የአደጋ ማሳወቂያ እስካሁን ያ ቅርንጫፍ ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ እስኪረግፍ የቆየበትን ጎዳና ያላየ የከተማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፊክስ ማይ ስትሪት የቀየረው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። መተግበሪያ በመሆኑ ብቻ አልነበረም። የሚመለከተውን አካል ፈልጎ የማግኘት ሥራ ከነዋሪው ትከሻ ላይ ወርዶ ወደ ሥርዓቱ ገባ። አንድ ቁጥር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ማዕከል የሚባለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው። አቤቱታውን የተቀበለው ሰው «የእኛ አይደለም» የማለት መብት አለው ወይስ የለውም? ካለው፣ አዲሱ መስኮት የአሮጌዎቹ መስኮቶች ጸሐፊ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ሲነሣ ሌላም ብዙ የማይወራ ነገር አለ፤ የበጀት ዓመታችን ነው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አስፋልት የሚቦረቦረው፣ ቱቦ የሚደፈነው፣ የወንዝ ዳር ግንብ የሚናደው በዚያው ወቅት ነው። አቤቱታው በሚበዛበት ሳምንት የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ተዘግቷል፣ የአዲሱ ገንዘብ ገና እየተደለደለ ነው፣ ዝናቡም ቢሆን አስፋልት አያስነጥፍም። ስለዚህ በሐምሌ የተነገረ ጉድጓድ የመስከረምን ፀሐይ ይጠብቃል። ይህ የማንም ስንፍና አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ሆኖም ነዋሪው ይህን የሚነግረው የለም። «እየሠራንበት ነው» ይባላል፤ እርሱም በየቀኑ እያለፈ ማንም እንዳልሠራበት ያያል። «ዝናቡ ሲያቆም በጥቅምት እንደፍነዋለን፣ እስከዚያ በጠጠር እንሞላዋለን» ቢባል ብዙው ሰው የሚረዳ ይመስለኛል።

አንዳንዴ ደግሞ መልሱ «ኮሚቴ አቋቁሙ» ይሆናል። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የሰፈሩን መንገድ ኮብልስቶን ያስነጠፈበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕድሩም ሰብሳቢ ሆኖ አገልግሏል። ይህ የሚያኮራ ታሪክ መሆኑን አልክድም። ግን አቤት ባይን ወደ ከፋይ የሚለውጥ ዘዴም ነው፤ ማዋጣት ያልቻለ ሰፈር ድምፁም አብሮ ይቀራል።

አሁን በጥናት ወደተፈተሸው ክፍል ልለፍ፤ ከሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ያለው እዚህ ነውና። ሾበርግ፣ ሜሎንና ፔሾቶ የተባሉ ተመራማሪዎች የፊክስ ማይ ስትሪትን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች መረመሩ። የመጀመሪያ አቤቱታው የተፈታለት ሰው ሁለተኛ ጊዜ የማመልከት ዕድሉ በ57 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በቦስተን ደግሞ ከተማዋ ለአንዳንዶቹ አመልካቾች «ተሠርቷል» ከሚል መልእክት ጋር የሥራውን ፎቶግራፍ ትልክ ነበር። ራያን ቡኤልና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ፎቶ የደረሳቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ወራት 60 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጥያቄ አቀረቡ። የተደፈነ ጉድጓድ ፎቶ ማለት ሠራተኛው በስልኩ በደቂቃ የሚያነሣው ነገር ነው።

የዚህ ተቃራኒው ታንዛኒያ ውስጥ ታየ። ዳራጃ የተባለ ድርጅት በገጠር የተበላሹ የውሃ ቦኖዎችን ሕዝቡ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲያሳውቅ ማጂ ማቶኔ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። መልእክቱ ለወረዳው የውሃ መሐንዲስ ይተላለፋል፤ ሬዲዮም ይከታተለዋል። የታቀደው 3,000 መልእክት ነበር፤ የመጣው 53 ብቻ። ድርጅቱ ውድቀቱን ሳይደብቅ በአደባባይ ተናግሮ ሥራውን ዘጋ፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል የስልክ ኔትወርክ ድካም ነበረ፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ሆነው ስልኩ ግን በአባወራው እጅ መሆኑ ነበረ። ከሁሉ በላይ ግን ሕዝቡ መልስ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። የዓለም ባንክ በ2016 ያወጣው የፔሾቶና የጆናታን ፎክስ ግምገማም 23 እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን አይቶ አብዛኞቹ ድምፅ መሰብሰብ እንጂ መልስ ማስገኘት እንዳልቻሉ አሳየ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሳያቸው የማወጣው ድምዳሜ የኛን ቢሮዎች ልማድ በቀጥታ ይቃወማል። በየዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ላይ «የተገልጋዩ ቅሬታ ካለፈው ዓመት ቀንሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንሰማለን፤ ይጨበጨብለታልም። ቅሬታ የቀነሰው ችግሩ ስለተፈታ ሊሆን ይችላል። ሰው ተስፋ ቆርጦ ዝም ስላለም ሊሆን ይችላል፤ ከጥናቶቹ ስነሣ ሁለተኛውን አስቀድሜ እጠረጥራለሁ። የሚሠራ ቢሮ በር ላይ ሰው ይበዛል። ከንቲባ ብሆን አቤቱታ የጨመረበትን ወረዳ ከመቅጣቴ በፊት አንድም ያልመጣበትን ወረዳ ሄጄ አየው ነበር።

ዝም የሚለው ማን ነው? ኮንቶኮስታና ሆንግ በካንሳስ ሲቲ የነዋሪዎችን መጠይቅ ከ311 መዝገብ ጋር ሲያነጻጽሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና የአናሳ ወገኖች ሰፈሮች ችግር እያለባቸው እንደሌላው እንደማያመለክቱ አገኙ። በጥሪ ብዛት ብቻ ጥገና የምታከፋፍል ከተማ ለሚናገረው ትሠራለች፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የሠራችለት ይበልጥ ይናገራል። ቦስተን በ2012 ስትሪት በምፕ የተባለ መተግበሪያ ሠርታ ነበር። ስልኩ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ንዝረቱን ይለካል፤ ሾፌሩ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ወዲያው የተነሣው ትችት ስማርት ስልክና መኪና ያለው ማን ነው የሚል ነበር። ያኔ ጉድጓዳቸው የሚታወቅላቸው የባለጸጎቹ ጎዳናዎች ይሆናሉ ማለት ነው። ከተማዋም ይህን ተረድታ በራሷ ተሽከርካሪዎች ላይ ተጠቀመችበት።

ቋንቋም ሌላ በር ነው። በዋሺንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብና ዋና ዋና ሰነዶችን መተርጎም አለባቸው። አንዲት እናት ቆሻሻዋ ሳይነሣ ስለመቅረቱ ለዲሲ ማዘጋጃ ቤት በአማርኛ መናገር የምትችለው ከተማዋ ደግ ስለሆነች አይደለም። የሰፈር ድርጅቶች ተደራጅተው ምክር ቤቱን ስለጠየቁ ነው።

የኛን ዝምታ በድህነትና በቋንቋ ብቻ ማስረዳት ግን አይበቃም። የ1967ቱ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌንም አብሮ ወለደ። ቀበሌ መብራትም ስኳርም የሚጠየቅበት ቢሮ ሆነ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ሰው ተጠቁሞ የሚወሰድበት ቢሮ ሆነ። ያን ዘመን ያየ ትውልድ ልጆቹን «ቀበሌ ሄደህ ስምህን አታስመዝግብ» እያለ ነው ያሳደገው። ስለ ጉድጓድ ማመልከትና ስለ ጎረቤት መጠቆም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደረጉ የመጀመሪያው በሁለተኛው ይበከላል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ለገዊና ሼፈር የኒው ዮርክን የ311 ጥሪዎች ሲመረምሩ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሚያቀርበው ክስ የሚበዛው የአንዱ ብሔረሰብ ሰፈር አልቆ የሌላው መጀመሩ በውል በማይለይበት ድንበር ላይ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ አንድ የከተማ ሥርዓት ሲነደፍ ስለ ዕቃ የሚቀርበውን አቤቱታ ስለ ሰው ከሚቀርበው ቢለየው እመርጣለሁ። የተሰበረ መብራት ለማመልከት የመታወቂያ ቁጥር ለምን ይጠየቃል?

መደበኛው በር ሲዘጋ ሰው ወደ ማሳፈር ይሄዳል። በሩሲያዋ የካተሪንበርግ በ2012 አንድ የዜና ድርጅትና አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተባብረው የአገረ ገዥውን፣ የከንቲባውንና የምክትሉን ፊት በአስፋልት ጉድጓዶች ዙሪያ ሣሉት፤ ጉድጓዱ አፋቸው ሆነ። ሠራተኞች መጥተው ሥዕሉን ብቻ ቀብተው ለመሸፈን ሲሞክሩ በካሜራ ተያዙ፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ተደፈነ። ካምፓላ ውስጥ በሚያዝያ 2023 ካርቱኒስቱ ጂሚ ስፓየር ሴንቶንጎ ነዋሪው የሰፈሩን ጉድጓድ ፎቶ በትዊተር እንዲያሳይ ጠራ፤ «ኤግዚቢሽን» ነው ያለው። ፎቶው ጎርፍ ሆኖ መጣ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ለከተማዋ መንገዶች 6 ቢሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ እንዲለቀቅ አዘዙ። እኛም ዘንድ አዲስ ዘመን «ፍረዱኝ» የሚል ዓምድ ነበረው፤ ዛሬ ቲክቶክና ቴሌግራም ያንን ሥራ ተረክበዋል። በቪዲዮ የተለቀቀ ጉድጓድ በማግሥቱ ሲደፈን ስናይ እንስቃለን። እኔ ግን ሳቁ ውስጥ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በማሳፈር የተደፈነው ጉድጓድ ወረፋ ዘሎ ነው የተደፈነው፤ ተከታይ የሌለው ሰፈር ጉድጓድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሄደ። ባለሥልጣኑም የሚማረው ካሜራውን መፍራትን ነው።

ቁጥርም ቢሆን ይታለላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ስለ ሕገ ወጥ የመኪና ማቆም የሚቀርቡ ጥቆማዎችን ፖሊስ ቦታው ሳይደርስ «ተፈትቷል» ብሎ ይዘጋቸዋል የሚል ክስ በተደጋጋሚ ተነሥቷል። ጃካርታ በ2016 ክሉ በተባለው መተግበሪያ የሰፈር መሪዎች በቀን ሦስት ጊዜ ሪፖርት እንዲልኩ አድርጋ አበላቸውን ከዚያ ጋር አያያዘችው፤ መሪዎቹ በአደባባይ ተቃወሙ። ተቃውሟቸውን እረዳለሁ። ሪፖርት ኮታ ሲሆን ጉድጓድ መፈለግ ይቀርና ፎቶ መፈለግ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጉዳዩን የሚዘጋው የከፈተው ሰው ይሁን። ቀላል ነው ስል በሐሳብ ደረጃ ነው፤ ቢሮ የራሱን ፈተና የማረም ሥልጣኑን በፈቃዱ ሲሰጥ ብዙ አይታይም።

ሁሉንም ሳስተያየው ግን እጅግ ያስተማረኝ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያወራው ጽሑፍ አይደለም፤ አንድ የቆየ የኒው ዮርክ የሕግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከተማዋ በመንገድ ጉድለት ለተጎዳ ሰው የምትጠየቀው ስለዚያ ጉድለት ቀድሞ በጽሑፍ ከተነገራትና በ15 ቀን ውስጥ ካልጠገነችው ነው አለ። ዓላማው ካሳን መቀነስ ነበር፤ ለአንድ የተሰበረ ንጣፍ አስቀድሞ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ይኖራል ተብሎ ነው። የጉዳት ካሳ ጠበቆቹ ግን በ1982 ቢግ አፕል የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ሰዎች ቀጠሩ፤ የከተማዋን የእግረኛ መንገዶች በእግር አስዞሩ፤ ስንጥቁን፣ ጉድጓዱን፣ የጎበጠውን ሁሉ በልዩ ልዩ ምልክት ካርታ ላይ አስፍረው ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አስረከቡ። ከዚያ ወዲያ ከተማዋ «አላውቅም ነበር» ለማለት ተቸገረች። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከተማዋ በ2003 የእግረኛ መንገድ ኃላፊነትን አብዛኛውን ወደ አዋሳኙ ሕንፃ ባለቤት አዞረች፤ በ2008 ደግሞ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የካርታው ምልክት ግልጽ ካልሆነ ማስታወቂያ አይባልም አለ። በእንግሊዝም የ1980ው የመንገዶች ሕግ አንቀጽ 58 ምክር ቤቱ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ ያድነዋል፤ ጉድለቱን ማወቁ ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበር ከሚመዘኑት ነጥቦች አንዱ ነው። ማወቅ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ መንግሥታት ላለማወቅ ይከራከራሉ።

በኛ አገር ይህን ክር የሚይዝ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ከመንግሥት ካሳ እንዲጠይቅ መንገድ ይከፍታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ፣ ኃላፊዎቹም ተጠያቂ መሆን እንዳለባቸው ይላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂም አቤቱታ ሰምቶ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። ጆናታን ፎክስ ድምፅና ጥርስ ብሎ ከለያቸው ሁለቱ ውስጥ እንባ ጠባቂው ያለው ድምፅ ነው። ጥርሱ ያለው ፍርድ ቤት ሲሆን ወደዚያ ለመሄድ ማስረጃ ያስፈልጋል። በማንሆል ገብቶ እግሩ የተሰበረ ሰው ካሳ ቢጠይቅ ክርክሩ ቶሎ ወደ አንድ ነጥብ ይደርሳል፤ ቢሮው ጉድጓዱ ክፍት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? መቼ ተነገረው? በስልክ የተነገረ ከሆነ ማን ያነሣውን ስልክ? በስብሰባ የተነሣ ከሆነ የትኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ? በወረቀት የቀረበ ከሆነ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ ቁጥር ሰጥቶታል ወይስ «አስቀምጡት፣ እናየዋለን» ተብሏል?

አዲስ መተግበሪያ በተመረቀ ቁጥር ስለ ፍጥነቱና ስለ ውበቱ ይነገራል። እኔ የምፈልገው ያነሰ ነገር ነው፤ አመልካቹ ይዞት የሚሄድ ደረሰኝ። ቁጥር ይኑረው፣ ቀን ይኑረው፣ የተቀበለው ቢሮ ስም ይኑርበት፣ ማንም እንዲያየው በአደባባይ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ወረቀት ከአንድ የስልክ መስመር ርካሽ ነው። ብዙ ቢሮዎች የስልክ መስመር ለመክፈት ሳይቸገሩ ደረሰኙን ለመስጠት የሚያቅማሙት በገንዘብ እጥረት አይመስለኝም። ስልኩ ሲዘጋ የተባለውን የሚያስታውስ የለም፤ ደረሰኙ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል።